በመሐል ያለች ነጥብ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣
ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት፣
በጎማ ለጣፊውና በብሎኬት ማምረቻው መሐል
አንዲት ኮንቴይነር አለች፤ የኔ ናት።
«ፎቶ ኮፒ፣ ካርድ፣ የተዘጋ አካውንት እናስከፍታለን» ይላል በሯ።
ውሸቴን ነው። የተዘጋ አላስከፍትም።
እንዳይዘጋ ነው የማውቀው።

ስሙኝ፦
«ደም» ካላችሁ መሐሉ ላይ ነጥብ ጣሉ፣ ደ.ም በሉ።
የሰው ዘፈን ከኋላ አታስገቡ።
ልጅ ሲታጠብ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ አታሳዩ።
ባንድ ቀን ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት ሰላምታ አትላኩ፣
ሰው መሆናችሁን ይጠረጥራል።
የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቢጫ ነው፤ ሁለተኛውም ቢጫ።
ሦስተኛው ላይ ዳኛ የለም፤ በር ብቻ።

ማን እንደሚዘጋው አላውቅም።
ቀበሌ ቢሆን ደጅ እጠናለሁ፣
ዘበኛ ቢሆን «ለሻይ ይሁንህ» እለዋለሁ፤
ይሄ ግን ፊት የለው፣ ወንበር የለው፣
አማርኛ ደግሞ የለው።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው።
እኛ ሰው ስንወድ ሞት እንጠራለን፣
«ልሙትልህ» ብለን እናጎርሳለን፣
«አፈር ስሆን» ብለን እንግዳ እንለምናለን፣
ቀልድ ሲጥመን «ገደልከኝ» እንላለን።
እሱ ቁጭ ብሎ ይሄን ይቆጥራል፣
በየጉርሻው ውስጥ አስከሬን ይፈልጋል።

እታፈራሁን ያገኛት በዚሁ ነው።
ሰልባጅ ትሸጣለች፤ ብሎክ ሃያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፣
መስኮቷ ላይ መብራት ሰቅላ፣ ሹራብ እየዘረጋች፣
አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይከተላታል።
ለፋሲካ ሰሞን አንድ ደርዘን የዶሮ ቢላ አሳየች፤
«የጦር መሣሪያ» ብሎ አንዱን ቢጫ ሰጣት።
በሰኔ «ዋጋውን ገደልኩላችሁ!» አለች፤
ሁለተኛውን።
ሳቅን ያን ጊዜ። ጎማ ለጣፊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።
ቢላዎቹ አልጋ ሥር ገቡ፤ እኔም የምትጽፈውን ሁሉ እያየሁ፣
ነጥብ እየጣልኩ፣
በወር ሁለት መቶ ብር አስከፍላት ጀመር።

ከዚያ ሐምሌ መጣ።
ወንድሟን ምንይችልን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ
እርጥብ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ከዳው።

በተቀበረ ማግስት መጣች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ።
ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።
«ደንበኞቼ ጠፋሽ ይሉኛል። ጻፍልኝ፤ ምንይችል ሞተ በል።»
«አረፈ ልበል?»
«ሲሚንቶ ተሸክሞ ነው የወደቀው፤ መቼ አረፈ?»
«ተለየን?»
«ሞተ። ሁለት ፊደል ናት፤ ምን ያስቸግርሃል?»

ምን ያስቸግረኛል።
የቤት ኪራይ፣ የልጇ የመስከረም ምዝገባ፣
ተከፍሎ ያልተላከ ሁለት ከረጢት ሹራብ
ከኋላዋ ተሰልፈው እኔን ያያሉ።
ሞ.ተ ብዬ ጻፍኩ።
ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ነጥቧን በጥፍሯ ፋቀች፣
ጉድፍ መስሏት።
«አትለቅም» አለች።
«አትለቅም» አልኳት።

ተለጠፈ። ምንም አልሆነ። አካውንቱ አለ።
ሌሊቱን ሙሉ «ነ.ፍ.ስ ይማር» ሲዘንብላት አደረ፤
ለካ ሁሉም ተምሯል።

ሲነጋ ሌላ ነገር ለመነችኝ።
ደነባ ያሉት አጎቷ ገና አልሰሙም፣
መስመር ጠፍቶባቸው ሰንብቷል፣ ሰው እንዳይላክ መንገዱ ጭቃ።
መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አውቃለሁ።
«የወንድ ድምፅ ይሻላል» አለች።

ደወልኩ። ዝናቡ ኮንቴይነሯን ይደበድባል።
መስመሩ ላይ እኔና ሽማግሌው ብቻ፤
የሚቆጥር የለም፣ የሚዘጋ የለም።
«አባባ፣ ምንይችል» አልኩ።
«ሞ» አልኩ።

አፌ ነጥቧ ላይ ቆመ።
ወዲያ ማዶ በሬ ይሁን በር፣ የሆነ ነገር ጮኸ።
ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና
የቀረችውን ፊደል
እሳቸው አሉልኝ።